«ቢልቦርድ እናስገባሃለን» ላሉህ ሰዎች አትክፈል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ እስኪነጋ ከሐሳቤ አልወጣም። የካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ስልት) ነጠላ ዜማ ቀርጸሃል፤ አንድ ሰው «3,000 ዶላር ክፈል፣ በስድስት ሳምንት የአሜሪካው የሙዚቃ ደረጃ አውጪ ቢልቦርድ ላይ ትወጣለህ፣ ዘፋኙ ሻቡዚም የወጣው እንዲህ ነው» ብሎሃል። አትክፈል። እኔ የካንትሪ ሙዚቃ ከተማ ወደሆነችው ናሽቪል ከመጣሁ 14 ዓመቴ ነው፤ ለታናሽ ወንድሜ ዘፈን ለእንዲህ ያለ ሰው 2,800 ዶላር ከፍዬ ያገኘሁትን ልንገርህ።

1. ሰውዬውን «የትኛው ቻርት (የደረጃ ዝርዝር)?» በለው። ቢልቦርድ አንድ ዝርዝር አይደለም። ካንትሪ ኤርፕሌይ የሚቆጥረው የካንትሪ ሬዲዮ ጣቢያዎች ያጫወቱትን ብቻ ነው። ሆት ካንትሪ ሶንግስ ከ2012 ወዲህ ሬዲዮውን፣ በስልክ የሚደመጠውንና ሽያጩን አንድ ላይ ይደምራል። ሆት 100 ደግሞ ከሁሉም ዓይነት ሙዚቃ ጋር ያጋፍጥሃል። የእኛው ሰውዬ ሦስቱንም እየቀላቀለ ነበር የሚያወራው፤ እኔ ደግሞ አላውቅም ማለት አፍሬ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

2. የሻቡዚን ታሪክ በትክክል እወቀው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከናይጄሪያዊ ወላጆች የተወለደ ልጅ ነው፤ መጠሪያውም «ቺቡዜ» የሚለውን የቤተሰብ ስሙን የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኙ መጻፍ አቅቶት የወጣለት ነው። (የእኛም ልጆች ስም በየትምህርት ቤቱ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ።) የመጀመሪያ አልበሙን በ2018፣ ሁለተኛውን በ2022 አወጣ። በማርች 2024 በቢዮንሴ አልበም ሁለት ዘፈኖች ላይ ተሰማ፤ ትልቁ ዘፈኑ «ኤ ባር ሶንግ (ቲፕሲ)» በኤፕሪል ወጣ፣ በጁላይ የሆት 100 አንደኛ ሆነ። 19 ሳምንት አንደኛ ቆይቶ በ2019 ራፐሩ ሊል ናስ ኤክስ ካስመዘገበው የዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ጋር እኩል ደረሰ። በስድስት ሳምንትና በ3,000 ዶላር የተሠራ ነገር የለበትም። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ የአንድ ክረምት የመጋዘን ትርፍ ሰዓቴ ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር።

3. የተደመጠበት ቁጥር በድንገት ሲያድግ ደስ አይበልህ። ገንዘቡን በከፈልን በአንድ ሳምንት ውስጥ ዘፈኑ 40,000 ጊዜ ተደመጠ። ቤት ውስጥ እልል ተባለ፤ እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ አለቀሰች። ወንድሜ ግን ዝም አለ። «አዳማጮቹ በሙሉ ከአንድ የአውሮፓ ከተማ ናቸው፤ አንድ ሰው እንኳ አስተያየት አልጻፈም» አለኝ። ልጁ ገብቶታል፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። በሦስተኛው ሳምንት ዘፈኑን ወደ ማዳመጫ መተግበሪያዎች ያስገባልን አሰራጭ ድርጅት «የሐሰት ማዳመጥ ተገኝቷል» የሚል ኢሜይል ላከና ዘፈኑን ከሁሉም መተግበሪያ አወረደው። ቦቱ (ሰው መስሎ የሚያዳምጠው የኮምፒውተር ፕሮግራም) ያመጣው ብቻ ሳይሆን ሰው ወዶ የሰማው 11,000 ጊዜም አብሮ ጠፋ። እናቴ ማታ ማታ የምትከፍተውም እዚያ ውስጥ ነበር።

ወደ ሰውዬው ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «ውሉን አላነበብክም?» አለችኝ። አውጥቼ እዚያው ቆሜ አነበብኩት፤ «ማስተዋወቅ» ይላል፣ «ቻርት» የሚል ቃል የትም የለበትም። ሰውዬው ከውስጥ ድምፁ እየተሰማኝ «የለም» ተባልኩ። ከገንዘቡ ይልቅ እስካሁን የሚያመኝ እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን በደንብ ሠርተናል፣ በዚህም እኮራለሁ። ወንድሜ ዘፈኑን ከጊታር ተጫዋቹ ጋር ወጥ ቤታችን ውስጥ ሲጽፉ ድርሻቸውን በዚያው ማታ በወረቀት አስፈረምኳቸው። አንተም ፈርም። አሜሪካ ውስጥ ኤፍኤም ሬዲዮ ዘፈን ሲያጫውት የሚከፍለው ለደራሲውና ለአሳታሚው ነው፤ በድምፁ የዘፈነው ከዚያ ሳንቲም አያገኝም። የካንትሪ ዘፋኙ ሉክ ኮምብስ በ2023 የዘፋኟን የትሬሲ ቻፕማንን የ1988 ዘፈን «ፋስት ካር» መልሶ ተጫውቶ የካንትሪ ኤርፕሌይ አንደኛ ሲያደርገው፣ የደራሲነቱ ድርሻ የሄደው ብቻዋን ለጻፈችው ለእሷ ነው። የሻቡዚም ዘፈን ከ2004ቱ የራፐር ጄ-ክዎን ዘፈን «ቲፕሲ» ስለተነሳ የዚያኛው ደራሲዎች ስም አብሮ ተመዝግቧል።

የእኛን ዘፈን ከአራት ወር በኋላ በሌላ አሰራጭ እንደገና አወጣነው፤ ከዜሮ ጀመረ። አሁን 6,200 ደርሷል፣ አንድ በአንድ ሰው የሰማው ነው። ባለፈው ወር አንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ወንድሜን ጠርቶት በቀጥታ ዘፈነ፤ እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ ሰማሁት።

የሰጡህን ውል ከመፈረምህ በፊት ፎቶ አንስተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ። የሌሊት ፈረቃ ስለሆንኩ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ እመልስልሃለሁ።