ስኔክሄድን በቀስት ስለ ማደን ለጠየቅሽው

እህቴ፣ የ14 ዓመት ልጅሽ በቀስት ዓሣ ማደን አምሮት «ሜሪላንድ ውስጥ ይፈቀዳል ወይ? የትኛው ዓሣ ነው የሚመታው? ደግሞስ ይበላል?» ብለሻል። ይፈቀዳል፤ ከውጭ የመጣው ወራሪ ዓሣ ስኔክሄድ ከሆነማ እሰየው ነው። እኔ ቻርልስ ካውንቲ ያለውን ማታዎማን ክሪክንና የዶርቸስተርን ረግረጎች ስመላለስባቸው ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከዕቃው በፊት ልጅሽን ቁጭ አድርገሽ አንድ ነገር ንገሪው። በመንጠቆ የያዝነውን ዓሣ ካልፈለግነው ፈተን እንለቀዋለን፤ ፍላጻ የገባበት ግን አለቀለት። ስለዚህ ምን እንደሆነ ያልለየው ዓሣ ላይ ቀስት አይሳብ። ስኔክሄድን ቦውፊን ከሚባለው የአገሩ ዓሣ ጋር የሚያምታቱት ብዙዎች ናቸው። ሁለቱም ረዣዥም ናቸው፣ የጀርባ ክንፋቸውም ረጅም ነው። የሚለዩት ከሆድ በታች ወደ ጭራው ባለው ክንፍ ነው፤ የስኔክሄድ ረጅም፣ የቦውፊን አጭር። ችግሩ ጀልባ ላይ ቆመሽ ቁልቁል ስታዪ ይህ ክንፍ አይታይሽም። እኔ ጎኑ ላይ ያለው እንደ ዘንዶ ቆዳ የተዥጎረጎረ ጥቁርና ቡናማ መልክ በግልጽ ካልታየኝ እተወዋለሁ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ቀስት ያለ ልክ ሲሠራበት ስለማዝን ነው። ካውኖዝ ሬይ የምትባለው ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ በዓመት የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ማን ብዙ ገደለ እየተባለ ውድድር ይደረግባት ነበር። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ውድድሩን በሕግ አገደች፤ እሰይ ነው ያልኩት።

ስኔክሄድ ሌላ ጉዳይ ነው። መነሻው ምሥራቅ እስያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 እዚሁ ሜሪላንድ፣ ክሮፍተን ከተማ ባለ ኩሬ ውስጥ ተገኘ። ሰው ከገበያ በሕይወት ገዝቶ የለቀቀው ነበር። ኩሬው በመድኃኒት ተጠርጎ ጸዳ፤ በ2004 ግን ፖቶማክ ወንዝ ላይ ብቅ አለ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያቆመው አልተገኘም። አየር ስለሚተነፍስ ኦክስጅን ባነሰው ጥልቀት የለሽ ውሃ፣ ሣር መሐል ተኝቶ ይውላል። እዚያ መረብ በሣሩ ይጠላለፋል፤ ቀስት ግን ይገባል። ለመተንፈስ ወደ ላይ ብቅ ሲልም ይታያል።

ለዕቃው ብዙ አታውጪ። ለአዋቂ ከ30 እስከ 40 ፓውንድ የሚሳብ ቀስት ይበቃል፤ ለልጅሽ ከዚያም ያነሰ። ፍላጻው ላባ የሌለው፣ ከባድ ፋይበርግላስ፣ ጫፉ ላይ ተገላባጭ መያዣ ያለው ይሁን። ገመዱ የሚታሰረው ፍላጻው ላይ በምትንሸራተት ማሰሪያ ነው። እሷን በጭራሽ እንዳትዘሉ፤ ገመዱ ከቀስቱ ክር ጋር ከተጠላለፈ ፍላጻው ወደ ተኳሹ ፊት ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የውሃን ነጸብራቅ የሚያጠፋ ፖላራይዝድ መነጽርም ያስፈልጋል።

አነጣጠሩን በተመለከተ፣ ብርሃን ውሃ ውስጥ ስለሚታጠፍ ዓሣው ካለበት ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። ሦስት ሜትር ርቆ 30 ሳንቲሜትር ጠልቆ ከሆነ፣ ከሚታይሽ ቦታ 10 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ አድርጊ። ልጆች ዓይናቸው ያየውን ስለሚያምኑ መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ በላዩ ያሳልፉታል።

ከ16 ዓመት በታች ስለሆነ እሱ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ አንቺ ግን ቀስት ከያዝሽ ታወጫለሽ። ስኔክሄድ የቁጥር፣ የመጠንም ሆነ የወቅት ገደብ የለበትም። በሕይወት ይዞ መሄድ ግን ክልክል ነው፤ እዚያው ገድላችሁ በረዶ ላይ አድርጉት። ከውሃ ወጥቶ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ዝም ስላለ ሞቷል አትበሉ፤ ስንጥቡን (ከራሱ ጎን ያለውን የውሃ መተንፈሻ) ቁረጡት። ከቤቶችና ከሰዎች ምን ያህል መራቅ እንዳለባችሁ የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያወጣውን መመሪያ አንብቢ።

መብላቱን በተመለከተ፣ እንደ አምባዛ ቅርፊት የሌለው ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ብሉ ካትፊሽ የሚባለው የአምባዛ ዘመድ አይሆናችሁም፤ ስኔክሄድ ግን ክንፍም ቅርፊትም አለው። ሥጋው ነጭና ጠንከር ያለ ስለሆነ ወጥ ውስጥ አይፈርስም፤ ለጥብስም ለጉላሽም ግሩም ነው። በደንብ ይብሰል። ከፖቶማክ የወጣ ከሆነ ግን በወር ስንት ጊዜ መብላት እንደሚመከር የስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያወጣውን ተመልከቺ፤ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ያለው ገደብ ይለያል።