«ምርቃናዬን ይሰብርብኛል» እያለ ክኒኑን ይደብቃል

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው፤ ብየዳ ይሠራል። ዓምና «ድምፅ ይሰማኛል» ማለት ሲጀምር ደሴ ወስደን አሳከምነው። ማታ ማታ የሚውጠው ሪስፔሪዶን ታዘዘለት፤ ደህና ሆኖልን ነበር። አሁን ግን ከምሳ በኋላ ይቅማል። ቅዳሜ ገራባ ስጠርግ ከፍራሹ ሥር አራት ክኒን አገኘሁ። ብጠይቀው «ምርቃናዬን ይሰብርብኛል» አለኝ። እንቅልፍ እምቢ ሲለው ወይ ምርቃናውን በመጠጥ ሊሰብር ጨብሲ ይወጣል፣ ወይ ከጎረቤት ዲያዜፓም ይለምናል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ እውነቱን ነው የነገረሽ። ክኒኑ ምርቃናውን ሊሰብርበት ይችላል። እርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን፣ ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ቅመም እንዲበዛ ያደርጋል። ሪስፔሪዶን ደግሞ ዶፓሚንን ይገታል። አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ይይዛል። ክኒኑን ሲተው ያዡ ይቀርና ገፊው ብቻውን ይቀራል። እንቅልፍ ማጣቱ ሲጨመርበት ድምፁ ሊመለስ ይችላል። እኔን ከጫቱ ይልቅ ያስደነገጡኝ እነዚያ አራት ክኒኖች ናቸው።

በሥራዬ ብዙ ጊዜ ያየሁትን ልንገርሽ። ታማሚው «ትቅማለህ?» ሲባል «ኧረ የለም» ይላል። ምላሱ ግን አረንጓዴ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ከዚያ ልጁ መድኃኒቱን በትክክል የዋጠ ቀን አንገቱ ይገተራል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። «መድኃኒቱ ገደለኝ» ብሎ ጭራሽ ይተወዋል። እባክሽ ይህ እንዳይደርስበት።

ዲያዜፓሙን ዛሬውኑ አስቁሚ። ጎረቤትሽንም ለምኛት፣ ሁለተኛ እንዳትሰጠው። ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽን ያዳክማል፤ ሰው ተኝቶ ሊቀር ይችላል። ከጠጣ በኋላ ስትቀሰቅሺው የማይነቃ፣ ትንፋሹም የሚዘገይ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቂ።

ጫቱን ግን «ወይ ጫት ወይ ክኒን» አትበሉት። ዛሬ ምረጥ ካላችሁት ጫቱን ነው የሚመርጠው። የቃመም ቀን ቢሆን ክኒኑን አይዝለል። ጫቱን በየሳምንቱ እየቀነሰ፣ ከዐሥር በኋላ ባይነካው ጥሩ ነው። ሲቀንስ ዱካክ ሊመጣበት ይችላል፤ በሌሊት እየጮኸ ቢነሳ በሽታው ተመለሰ ብላችሁ አትደንግጡ። ቀን በሙሉ ልቡ እያለ ድምፅ ከሰማ፣ ሰው ከጠረጠረ፣ ሁለት ሌሊት ጨርሶ ካልተኛ ወይም ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዱት።

እናታችሁ ቤት ወዳጃ፣ ማለትም ጫት እየተቃመ ዱዓ የሚደረግበት ስብስብ፣ ካለ ደግሞ ለእሱ ቡናው ይበቃዋል። ዱዓው ያለ ጫትም ይደርሳል፤ ይህን እናት ስትነግረው ይሰማል።

አራቱን ክኒኖች አትጣያቸው። በብጣሽ ወረቀት ጠቅልለሽ ለቀጠሮው ያዢያቸው። ሐኪሙ ፊት ግን አንቺ አትናገሪ፤ አጠገቡ ተቀመጪና ራሱ እንዲያወጣቸው ስጪው።