ከአድማው በፊት 10 ቀን አለ

«ዱቄት ፋብሪካ ነው የምንሠራው፤ ሰኞ ሥራ ልናቆም ነው። መንግሥት ገብቶ ሊያስቆመን ይችላል ወይ?» ብለህ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ እኔ እዚሁ ድሬዳዋ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። የደረሰብንን ልንገርህ።

መብቱ አላችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ ተጽፏል። እንዴት እንደምትጠቀሙበት የሚናገረው ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ነው። እኛ የወደቅነው እዚያ ላይ ነው።

በኅብረት ስምምነት የተፈረመ የደመወዝ ጭማሪ ሳይከፈል ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ፈረቃው ማሽኑን አጥፍቶ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ማንም አላዘዘም፤ ሰው መሮት ነው። በማግስቱ የሠራተኛ ጉዳይ ከሚከታተለው የመንግሥት ቢሮ ሰዎች መጡ። ስለ ጭማሪው ገና ሳናወራ «የማስጠንቀቂያ ደብዳቤያችሁ የታለ? ድምፅ የሰጣችሁበት ቃለ ጉባኤስ?» አሉን። ሁለቱም አልነበረንም። ያልከፈለው አሠሪው፣ ጥፋተኛ የተባልነው እኛ። አንገታችንን ደፍተን ሥራ ገባን፤ ጭማሪውም ተድበስብሶ ቀረ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

በዓመቱ በደንቡ ሄድን። ለአድማው ድምፅ በሚሰጥበት ስብሰባ ላይ ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው መገኘት አለበት፤ ከዚያ አብላጫው ይደግፍ። የሌሊት ፈረቃው እየተኛ ሁለቴ ጎደለብን። በሦስተኛው፣ እሁድ ጠዋት፣ ሞላ። ምክንያታችንን ጽፈን ከ10 ቀን በፊት ለአሠሪውም ለቢሮውም አስገባን። ቅጂው ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም አስመታን። ያቺን ቅጂ እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቃት! በአድማው ጊዜ አደጋ እንዳይደርስ ቦይለሩን የሚጠብቁ ሰዎችም መደብን፤ ይህም ግዴታ ነው። ቢሮው አስማሚ ሰጠን። በ7ኛው ቀን አሠሪው ፈረመ፤ ማሽን ሳይቆም።

እና መንግሥት በአስማሚ በኩል ይገባል። ጉዳዩ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ወይም ፍርድ ቤት ከቀረበ ደግሞ፣ ውሳኔ ሳይሰጥና 30 ቀን ሳይሞላ አድማ መምታት ክልክል ነው። መብራት፣ ውሃ፣ ሆስፒታል፣ ቴሌ የሚሠራ ከሆነ ጭራሽ አይፈቀድለትም። ዱቄት ፋብሪካ እዚያ ውስጥ የለም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ደብዳቤውን ከሰኞ 10 ቀን ቀድማችሁ ካላስገባችሁ ሰኞ ሥራ አታቁሙ፤ ቀኑን ግፉት። እኔ ሳቢያን ሰፈር ነኝ፣ ረቂቁን ይዘህ ና፤ ቁጭ ብለን እናየዋለን።