የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ በውሃ ነው የተያዘው

ወንድማችን የጠየቀው ይህን ነው፦ «መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ የነበረው ትንሽ የጣሊያን ምሽግ ያን ሁሉ የምኒልክ ጦር 45 ቀን እንዴት አቆመው? ለምንስ ትተውት አላለፉም?»

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ከ1990 እስከ 1992 በነበረው የድንበር ጦርነት ግን ኮረብታ ላይ ምሽግ ስጠብቅ ከርሜያለሁ። ከዚያ በኋላ መቀሌ በሄድኩ ቁጥር እንዳ ኢየሱስ ሳልወጣ አልመለስም። ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ያለው እዚያ ነው።

መጀመሪያ 45 ቀኑን እናስተካክል። ቁጥሩ የሚቆጠረው ከአምባላጌ ነው። ኅዳር 28 ቀን 1888 የጣሊያኑ ሻለቃ ቶዜሊ አምባላጌ ላይ ከነጦሩ ተመታ፣ እሱም ሞተ። ጄኔራል አሪሞንዲ የተረፈውን ይዞ ወደ አዲግራት አቅጣጫ ሲያፈገፍግ ሻለቃ ጋሊያኖን መቀሌ ላይ ተወው። የተሰጠው ሰው ከ1,200 ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ አብዛኛውም አስካሪ፣ ማለትም ለጣሊያን የሚዋጋ የአገሬው ተወላጅ ወታደር ነበር። የኛ ግንባር ቀደም ጦር በራስ መኮንን መሪነት ደርሶ ከበበ። ግን ንጉሡ ገና መንገድ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ከ45ቱ ቀን አብዛኛው ያለቀው በጥበቃ፣ በደብዳቤና በድርድር ነው። ዋናው ጦር የደረሰው ለገና ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ ምሽጉ የቆየው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው።

ሁለት ሳምንቱም ቀላል አልነበረም። ጣሊያኖቹ የእንዳ ኢየሱስን ቤተ ክርስቲያን ከበው ግንብ ሠርተዋል። ከግንቡ ውጭ ሹል እንጨት ተክለዋል፣ የተሰባበረ ጠርሙስም በትነዋል። በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሰው እዚያ ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት። የኛ ወታደር ግን ደጋግሞ ወጣበት፣ ብዙ ሰውም አለቀ። ሽቅብ እየሮጡ ግንብ መያዝ በኛም ዘመን ያው ነው፤ ከላይ ያለው ያይሃል፣ አንተ አታየውም።

ምሽጉ የተሸነፈበት ነገር ግን ከታች ነበር። ምንጮቹ ከግንቡ ውጭ ናቸው። እቴጌ ጣይቱ ውሃው ይያዝ ብለው መከሩ፣ 900 የሚሆኑ የራሳቸውን ወታደሮችም ላኩ። እነሱም ምንጩን ያዙ፤ ጋሊያኖ ሊያስለቅቃቸው አልቻለም።

ይህን ምሽግ ያልጠበቀ ሰው አቅልሎ ያየዋል። እኛ ጋ ጥይት አልቆብን አያውቅም። ውሃ ግን ሁልጊዜ ጭንቀት ነበር። ከታች በጀሪካን፣ በአህያም በሰው ጀርባም፣ በሌሊት ነው የሚወጣው። መንገዱ አንድ ከሆነ ደግሞ ጠላት ያውቀዋል፣ ሞርታሩን እዚያው ላይ ያነጣጥራል። ውሃ የዘገየ ቀን የሰው ጠባይ ይቀየራል። በአንድ ኮዳ የሚጣሉት ትናንት አንድ ሲጋራ የተካፈሉ ጓደኛሞች ናቸው። እንዳ ኢየሱስ ውስጥ ደግሞ ከሺህ በላይ ሰው፣ በዚያ ላይ የጭነት እንስሳት ነበሩ። በቅሎዎቹን ወደ ውጭ እስከማባረር ደርሰዋል። ያኔ እኔ ብሆን «አበቃ» እል ነበር። በቅሎ ከሌለህ መድፍህን ይዘህ መውጣትም አትችልም።

ለምን አላለፉትም ላልከው፣ መድፍ ያለው ጠላት ከኋላህ ትተህ ወደ ፊት አትሄድም። የስንቅ መንገድህን ይቆርጥብሃል። በሌላ በኩል ያ ሁሉ ሠራዊት አንድ ቦታ በተቀመጠ ቁጥር የአካባቢውን እህል ይጨርሳል። ስለዚህ ምኒልክም ሰዓት ይቆጥሩ ነበር።

በኔ ግምት ትልቁ ብልሃት የታየው ምሽጉ ከተያዘ በኋላ ነው። በድርድሩ መሀል ራስ መኮንንን ከሐረር ጀምሮ የሚያውቃቸው ፌልተር የሚባል ጣሊያናዊ ነጋዴ ነበረበት። ጥር አጋማሽ ላይ ጋሊያኖ ከነሰዉና ከነመሣሪያው እንዲወጣ ተፈቀደለት። ብዙ ሰው «ለምን ለቀቋቸው?» ብሎ ይናደዳል፤ ያኔም የተናደደ አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ራስ መኮንን እነ ጋሊያኖን አጅበው ወደ ጣሊያን መስመር ሲሄዱ ምኒልክ ዋናውን ጦር በሐውዜን በኩል ወደ አድዋ አዞሩት። የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ መሀል ላይ የራሱ ሰዎች ስላሉ መተኮስ አልቻለም። ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ከብትና ድንኳን በጠላት አፍንጫ ሥር ማዞር በሌላ ጊዜ ራስን ለጥይት ማጋለጥ ነበር።

ጋሊያኖ ግን አገሩ አልገባም። ከሳምንታት በኋላ፣ የካቲት 23፣ አድዋ ላይ ሞተ።

መቀሌ የምትሄዱ ካላችሁ ኮረብታው ላይ ስትቆሙ መጀመሪያ ግንቡ የነበረበትን አትፈልጉ፤ ወደ ታች እዩ። እኔ ከዚያ ላይ ቆሜ ስንት ሰው ስንት ጀሪካን ማውጣት እንዳለበት ማስላቴ አይቀርም። ልማድ ሆኖብኝ ነው።