ጠይቁን፦ በአንድ ዘፈን ላይ ሦስት ስም

ጥያቄ፦ ሀዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች ነን። አንዳችን ግጥም፣ አንዳችን ዜማ፣ አንዳችን በኪቦርድ ቅንብር እንሠራለን። ሶል በሚባሉት የድሮ የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈኖች ላይ «ሆላንድ፣ ዶዚየር፣ ሆላንድ» የሚል ስም ይደጋገማል። ላሞንት ዶዚየር ማን ነበር? ድርሻውስ ምን ነበር? ፕሮዲዩሰር የሚባለው ገንዘብ አውጪው ነው?

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር፤ ግራ የሚያጋባው ቃሉ ነውና። በካሴት ዘመን እኛ ዘንድ ፕሮዲዩሰር ሲባል ብር አውጥቶ አልበሙን የሚያሳትመው ሰው ነበር። ዶዚየር በሠራባት በአሜሪካዋ ከተማ ዲትሮይት ግን ስቱዲዮ ቆሞ ፍጥነቱን የሚወስን፣ ለባንዱ ኮርዱን የሚሰጥ፣ «ይሄ ይያዝ፣ ያኛው ይደገም» የሚለው ነው። ለእኛው አቀናባሪ ይቀርባል፤ ዘፋኙንም ስለሚያርም ግን ሥራው ይሰፋል።

ዶዚየር በ1941 ዲትሮይት ተወልዶ በ2022 አረፈ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሞታውን በተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ከወንድማማቾቹ ከብራያንና ከኤዲ ሆላንድ ጋር ተጣመረ። ዜማውና የስቱዲዮው ሥራ በዋናነት የዶዚየርና የብራያን ነበር። ኤዲ ግጥሙን ይጽፋል፣ ዘፋኞቹንም ያስጠናል። ዶዚየር ግጥምም ላይ እጁን ያስገባ ስለነበር የዜማውና የግጥሙ ድልድይ እሱ ነው ቢባል አልተጋነነም። ሱፕሪምስ የተባሉት ሴት ዘፋኞች አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ከወጡላቸው 12 ዘፈኖች 10ሩ የእነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ፎር ቶፕስና ማርታ ኤንድ ዘ ቫንዴላስ የተባሉት ቡድኖችም ከእነሱ ብዙ ወስደዋል።

የሞታውን ስቱዲዮ ከመኖሪያ ቤት የተለወጠ ጠባብ ክፍል ስለነበር «ጠባብ ነው» ብላችሁ ሥራ አታቁሙ። የባንዱን ስም ግን አትርሱ። እነዚያን የቤዝ መስመሮች የተጫወተው ጄምስ ጄመርሰን ለዓመታት ሽፋን ላይ ስሙ አልተጻፈለትም። በእኛ አስተያየት ይህ የሞታውን ትልቁ ነውር ነው።

ጥያቄ፦ በ1964ቱ የሱፕሪምስ «ዌር ዲድ አወር ላቭ ጎ» መግቢያ ላይ ጭብጨባ የሚመስለው ድምፅ ምንድን ነው? እቤት ልንቀዳው ሞክረን ድብልቅልቁ ወጣ።

መልስ፦ ጣውላ ላይ በጫማ የተረገጠ እግር ነው። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጣውላ ፈልጉ። ሲሚንቶ ወለል ላይ ዘርግታችሁ ብትረግጡ ድምፁ ይሞታል፤ በሁለት ጠርዙ ስር 2 ሴንቲ ሜትር የሚያህል እንጨት አስገቡለት፣ ሆዱ ባዶ ይሁን። ጫማው ጠንካራ ሶል ያለው ቆዳ ይሁን፤ ስኒከር አይሆንም።

ማይኩን 1 ሜትር ራቅ አድርጋችሁ በጉልበት ቁመት አቁሙት። ድብልቅልቁ የመጣው ምናልባት ከዚህ ነው፦ ርግጫው በወለሉ አልፎ በማይኩ ማቆሚያ ይወጣና ጉምጉምታ ይሆናል። ማቆሚያውን አራት እጥፍ ባጠፋችሁት ብርድ ልብስ ላይ አሳርፉ። ሲቀዳ ከፍተኛው ድምፅ ከ−10 ዲሲቤል አይለፍ፤ ቀዩ መብራት አንዴ ከበራ የተሰነጠቀው ድምፅ በኋላ አይጠገንም። ከዚያ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡት፤ ካልተቆረጠ ቤዙን ይውጠዋል።

አንድ ሰው ብቻውን ርግጫውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 4 ጊዜ ለየብቻ ያስቀዳ፤ ሁለቱን ወደ ግራ፣ ሁለቱን ወደ ቀኝ አድርጉ። አራቱን አንድ ላይ ለማስተካከል ኮምፒውተሩ ላይ ምቱን የሚያሳየው የፍርግርጉ መስመር ድረስ አትጎትቷቸው፤ ትንሽ መለያየታቸው ነው ብዙ ሰው ያስመሰለው። የሚጎተተው በግልጽ የዘገየው ብቻ ነው። እግር የሚዘገየው ረጋጩ ምቱን ሰምቶ ስለሚያነሳ ነው፤ አስቀድሞ እንዲቆጥር 8 ምት ስጡት።

ባጃጅ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ከሆናችሁ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቅዱ፣ ጎረቤትን አስፈቅዳችሁ። ቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝናብ ከጀመረ ግን ማሽኑን አጥፍታችሁ ቡናችሁን ጠጡ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ተስማምተው ሠርተው ለምን ተለያዩ?

መልስ፦ በገንዘብ። ሦስቱ በክፍያ ከሞታውን ጋር ተጣልተው ወጡ፤ ጉዳዩ በ1968 ፍርድ ቤት ደርሶ ዓመታት ፈጀ። ኢንቪክተስና ሆት ዋክስ የተባሉ የራሳቸውን የሙዚቃ ኩባንያዎች ሲያቋቁሙ እንኳ በክርክሩ ምክንያት አንዳንድ ዘፈን «ኢዲት ዌይን» በሚል የውሸት ስም አወጡ። ዶዚየር በ1973 ከወንድማማቾቹም ተለይቶ ራሱ መዝፈን ያዘ። በ1988 ከእንግሊዛዊው ዘፋኝ ፊል ኮሊንስ ጋር ለፊልም የጻፈው ዘፈን የጎልደን ግሎብና የግራሚ ሽልማት አስገኝቶለታል።

ለእናንተ ለሦስታችሁ፦ ዘፈኑ ባለቀበት ምሽት፣ ገና ማንም ሳይሰማው፣ አንድ ገጽ ጻፉ። የዘፈኑ ስም፣ ቀን፣ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን፣ ድምሩ 100 የሚሆን ድርሻ፣ ፊርማ። የተቀዳው ድምፅ ባለቤት ማን እንደሆነ በሌላ መስመር ይጻፍ፤ ዜማው ሌላ፣ ቅጂው ሌላ መብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ስለዚህ ወረቀቱን የሚያነቡት ልጆቻችሁ ሊሆኑ ይችላሉ። «ወንድማማች ነን፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» የሚል ከመካከላችሁ ካለ፣ መጀመሪያ እሱ ይፈርም። ሦስት ቅጂ አዘጋጁ፣ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ።