ጥያቄና መልስ፦ 45 በመቶ የጠየቀው የአጎት ጓደኛና ሌሎችም

ሁለት ወጣቶች የጭነት መኪናና ጭነት የሚያገናኝ መተግበሪያ ሠርተው፣ ፒኤልሲ አቋቁመው ሥራ ጀምረዋል። የአንደኛው አጎት ጓደኛ 2 ሚሊዮን ብር ላስገባ፣ 45 በመቶ ስጡኝ ብሏቸዋል። «ከግማሽ በላዩ የእናንተ እስከሆነ ምን ቸገራችሁ?» ማለቱን ጽፈው፣ እንፈርም ወይ ይላሉ።

አትፈርሙ። 2 ሚሊዮን ለ45 በመቶ ማለት፣ ብሩ ከገባ በኋላ ድርጅቱ በጠቅላላ 4.44 ሚሊዮን ተገመተ ማለት ነው። የሰውየውን ብር ስትቀንሱ የእናንተ ልፋት ዋጋው 2.44 ሚሊዮን ነው። ግምቱ ብቻውን ላያስከፋ ይችላል፤ ጣጣው ኋላ ነው የሚመጣው። በሚቀጥለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዙር ለሠራተኞች 10፣ ለአዲሱ ባለሀብት 20 በመቶ ሰጣችሁ እንበል፤ ከዚያ በኋላ ባለው ዙር ደግሞ ሌላ 20። የነባሮቹ ሁሉ ድርሻ በየዙሩ በዚያው መጠን ስለሚሳሳ፣ የእናንተ 55 ወደ 30.8 ይወርዳል፤ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ 15.4። የሰውየው 25.2 ላይ ይቆማል። ሌሊት ከሾፌር ጋር ስልክ የሚጨቃጨቀው 15፣ ቤቱ የተኛው 25! ይህን የድርሻ ሰንጠረዥ ያየ የቬንቸር ካፒታል ፈንድ (ጀማሪ ድርጅቶች ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ተቋም) ሥራውን ቢወደውም ይሸሻል። ገና ብዙ ዓመት መልፋት ያለባቸው ሰዎች እጃቸው ላይ ምንም ሳይቀር ሲቀር ጥለው እንደሚሄዱ ያውቃልና።

«ከግማሽ በላይ» የምትለዋም አታዘናጋችሁ። አዲስ ባለሀብት ሲገባ የመመሥረቻ ጽሑፉ መሻሻል አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ተራ አብላጫ ድምፅ አይበቃም። 45 በመቶ የያዘ ሰው ሰነዶች ማረጋገጫ አልሄድም ብሎ ብቻ በሩን መዝጋት ይችላል።

ለመጀመሪያ ገንዘብ ከ10 እስከ 20 በመቶ መስጠት የተለመደ ነው። ለ2 ሚሊዮኑ 15 በመቶ ብትሉት ድርጅቱን 13.3 ሚሊዮን ገመታችሁ ማለት ስለሆነ ይስቅባችሁ ይሆናል። ያኔ ድርሻውን ከመጨመር ገንዘቡን ቀንሱ። 800 ሺህ ብር ለ15 በመቶ ተቀበሉ። ቀሪው 1.2 ሚሊዮን የተስማማችሁበትን የወር ጭነት ብዛት ስትደርሱ በአዲስ ዋጋ ይግባ፤ አለዚያም የመመለሻ ቀኑ በጽሑፍ የሰፈረ ብድር ይሁን። የራሳችሁንም ድርሻ በ4 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚገኝ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላ ለወጣ ምንም የማይሰጥ አድርጉት። አንዳችሁ በሦስተኛው ወር ካናዳ ቢሄድ ግማሹን ይዞ እንዳይሄድ።

ሃሳቤን እንዳይሰርቁኝ ባለሀብቶቹን አስቀድሜ የምስጢር ውል ላስፈርም? ለምትል አንባቢ፦ አይፈርሙልሽም። የደንበኞችሽን ዝርዝር ብቻ እስከ ድርድሩ መጨረሻ አታሳዪ።

ሜሪላንድ የሚኖሩ አባት፣ የወዳጃቸው ልጅ በዴላዌር ላቋቋመው ስታርትአፕ 30 ሺህ ዶላር ሊሰጡ ነው። የተላከላቸው ወረቀት «አክሬዲትድ ኢንቨስተር ነኝ» (በአሜሪካ ሕግ የገቢ ወይም የሀብት መስፈርት የሚያሟላ ባለሀብት ነኝ) የሚል ሳጥን አለው፤ «ዝም ብዬ ምልክት ላድርግበት?» ይላሉ።

ዝም ብለው አያድርጉ። ባለፉት ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ፣ ከባለቤትዎ ጋር ከሆነ ከ300 ሺህ በላይ ገቢ ኖሮዎት ዘንድሮም የሚጠብቁ ከሆነ፣ ወይም የሚኖሩበት ቤት ሳይቆጠር የተጣራ ሀብትዎ ከ1 ሚሊዮን ካለፈ፣ ያሟላሉ። ካላሟሉ ልጁ ጠበቃውን ሌላ መንገድ ይጠይቅ፤ የእርስዎ የውሸት ፊርማ ለሁለታችሁም አይበጅም።

ወረቀቱ ሴፍ የሚባለው ከሆነ፣ ዛሬ አክሲዮን አልገዙም። ወለድ የለውም፣ የመክፈያ ቀን የለውም፣ ድምፅ አይሰጥም፤ ድርጅቱ ዋጋ ተቆርጦለት አክሲዮን ሲሸጥ ነው የሚለወጠው። ያ ዙር ካልመጣ ወረቀቱን ታቅፈው ሊቀሩ ይችላሉ። ካፑ (ወረቀቱ ወደ አክሲዮን ሲለወጥ ድርሻዎ የሚሰላበት የድርጅቱ ዋጋ ጣሪያ) 3 ሚሊዮን ከሆነ 30 ሺህዎ 1 በመቶ ነው፤ ይህ ግን ካፑ ሌሎቹን ሴፎች ሁሉ ጨምሮ የተሰላ ሲሆን ብቻ ነው። የአሜሪካው የስታርትአፕ ደጋፊ ድርጅት ዋይ ኮምቢኔተር በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቅጽ እንዲህ ነው የሚያሰላው፤ የቀድሞው አያሰላም። የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። 30 ሺሁ የጡረታ ገንዘብ ከሆነ ግን ለልጁ ምርቃት ይበቃዋል።

የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ያላት የአሜሪካ ዜጋ አዲስ አበባ ባለ ስታርትአፕ ድርሻ መግዛት ትፈልጋለች። በአዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት የውጭ ባለሀብት ብቻውን ሲገባ ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200 ሺህ፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲሆን 150 ሺህ ዶላር ይጠየቃል። እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ልቆጠር ካልሽ ይህ ዝቅተኛ መጠን ይነሳልሻል፤ ትርፍና ካፒታልሽን በዶላር መልሶ የማውጣት የውጭ ባለሀብት መብት ግን አብሮ ይቀራል። በየትኛውም መንገድ ገንዘቡ በባንክ ይግባ፣ ማስረጃውንም ያዢ፤ በጥቁር ገበያ የገባ ዶላር ለሕግ እንዳልገባ ነው። ከመፈረምሽ በፊት የኢንቨስትመንት ጠበቃ አማክሪ፤ ለአፍ ያህል አይደለም የምንለው።

ሲያትል ያለው መሥራች፦ ከ5 ወር በፊት በ4 ዓመት ቀስ በቀስ የሚለቀቅ አክሲዮን ወስደህ 83(ቢ) የሚባለውን (አክሲዮኑ ሳይለቀቅ፣ በተቀበልክበት ቀን ዋጋ ግብር ይታሰብልኝ ብለህ ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት የምትልከውን ወረቀት) አሁን ሰማህ። ቀነ ገደቡ አክሲዮኑን ከተቀበልክ በኋላ 30 ቀን ነበር፤ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ፣ ማራዘሚያ የለውም። እንግዲህ አክሲዮኑ በተለቀቀልህ ቁጥር የዕለቱ ዋጋ ከከፈልከው የሚበልጥበት ልክ እንደ ደመወዝ ገቢ ይቆጠርብሃል። ዋጋው ገና ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉዳቱ ዛሬ ትንሽ ነው፤ ከሚቀጥለው ዙር በኋላ ትልቅ ይሆናል። ዛሬውኑ ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ) ጋር ሂድ። ዙሩ ሳይመጣ የሚለቀቅበትን ጊዜ ማፋጠን ያዋጣ እንደሆነ አስላ በለው። ጓደኛህን አትጠይቅ፤ እኛንም አትጠይቅ።

ፒች ዴክ (ለባለሀብት የሚቀርበው የድርጅቱ ገለጻ) ስንት ገጽ ይሁን? ከ10 እስከ 12። የቡድኑን ፎቶ በሦስት ገጽ የላካችሁልን፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል።