ጫማ የላጠው ጣት ሰው ይገድላል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አዲስ ጫማ የእግር ጣቴን ልጦት ውሃ ቋጠረ። አክስቴ «ድሮ ሰው በዚህ ይሞት ነበር» ብላ አስፈራራችኝ። እውነት ነው? ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ልጀምር?

መልስ፦ አክስትዎ አልተሳሳቱም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ ሳይቀር በዚሁ ሞቷል። ካልቪን ኩሊጅ ጁኒየር ይባላል፣ 16 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ጁን መጨረሻ ላይ በዋይት ሀውስ ሜዳ ከወንድሙ ጋር ቴኒስ ሲጫወት ካልሲ አላደረገም፤ ጫማው ጣቱን ላጠውና ውሃ ቋጠረ። ማን ልብ ይለዋል? በሁለት በሦስት ቀን ግን ትኩሳት ጣለው። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር። አባቱ ፕሬዚዳንት፣ ሐኪሞቹ በአገሩ አሉ የተባሉት፤ ግን በእጃቸው የሚሰጡት መድኃኒት አልነበረም። ጁላይ 7 አረፈ። ሳምንት ብቻ!

ሳይንቲስቱ ፍሌሚንግ ባክቴሪያ የሚገድለውን ፔኒሲሊንን ያገኘው ከዚያ 4 ዓመት ቆይቶ ነው። ለሕመምተኛ በመርፌ እስኪደርስ ደግሞ 1941 ገባ። ያኔ ኦክስፎርድ ውስጥ አልበርት አሌክሳንደር የሚባል ፖሊስ ፊቱ መግል በመግል ሆኖ፣ አንድ ዓይኑ ወጥቶ ተኝቶ ነበር። ፔኒሲሊን ሲሰጡት ትኩሳቱ ወረደ፣ ምግብ መብላት ጀመረ። መድኃኒቱ ከማነሱ የተነሳ ከሽንቱ እያጣሩ መልሰው ይወጉት ነበር (አዎ፣ ከሽንቱ)። በአምስት ቀን ግን አለቀ። ማርች ላይ ሞተ።

ወደ እርስዎ ጣት እንምጣ። አሞክሳሲሊኑን ይተዉት። ውሃ የቋጠረ ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል፤ ደግሞ ያ ስታፊሎኮከስ ዛሬ በአብዛኛው አሞክሳሲሊንን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ ስለዚህ ብሩንም መድኃኒቱንም በከንቱ ነው የሚያወጡት። አያፍርጡት። በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይጠቡት፣ በንጹሕ ፋሻ ይሸፍኑት፣ ያንን ጫማ ለጊዜው ያሳርፉት።

ቁስሉ ካመረቀዘ፣ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ቀይ መስመር ካዩ፣ ብሽሽትዎ ላይ ንፍፊት ካበጠ ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት ግን «ነገ ይሻለኛል» ብለው አይደሩ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ስኳር ካለብዎት ደግሞ ምልክት ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይታዩ።